ንዑስ አንቀጽ ሦስት ተሰርዟል

እንደኔ ሕግ የሚያውቅ ሰው በዚያ መንገድ ላይ የለም። ጠበቆቹንም ጨምሬ ነው የምላችሁ። ጠበቃ የሚያውቀው የተከፈለበትን ጉዳይ ብቻ ነው። እኔ ግን ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ ያላባዛሁት ክስ፣ ያልተየብኩት አቤቱታ፣ ስቴፕለር ያልመታሁበት ፍርድ የለም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም "ይግባኝ ባይ" እና "መልስ ሰጪ" ማን ማን እንደሆኑ ዲግሪ ካለው የአክስቴ ልጅ በላይ አውቃለሁ። ሰፈሩ "አንቀጽ" ብሎ ስም ያወጣልኝ በከንቱ አይደለም። አንዳንዶቹ ለሹፈት ነው የሚሉኝ፤ እነሱ ምቀኞች ናቸው።

ባለፈው ወር የወንጀል ሕጉ ላይ ትንንሽ ማሻሻያ ተደረገና ወረቀቱ ሊባዛ እኛ ሱቅ መጣ። ሦስት ገጽ ናት። ሁለት መቶ ቅጂ አወጣሁ፤ ማሽኑ እያጓራ ያተማል፣ እኔ ቆሜ አነባለሁ። እውነቱን ለመናገር ጋዜጣ እንኳ የሚያወራለት ነገር አልነበረም። አንዱ ጋ "ሃያ ቀን" የሚለው "ሠላሳ ቀን" ሆኗል፣ ሌላው ጋ ለትንንሽ ጥፋቶች የሚከፈለው መቀጮ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ሌላው ጋ "ኃላፊ" የነበረው "የሥራ ክፍል ኃላፊ" ተብሏል። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ማሽኑን ቀጥ አደረግኩት። ከስድስት ወር በታች የተፈረደበት ሰው፣ ቅጣቱን ከጨረሰ አምስት ዓመት ካለፈውና ሌላ ጥፋት ካልተገኘበት፣ የጥፋተኝነት መዝገቡ ይሰረዛል ይላል። ድሮ አሥር ዓመት ነበር። ከሥሩ ደግሞ "የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ ሦስት ተሰርዟል" የምትል አንዲት መስመር ነበረች። እሷን ዘለልኳት። የተሰረዘ ነገር ምን ያደርግልኛል? ሰው የሚያነበው የቀረውን ነው።

አጎቴ የታሰረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ሦስት ወር። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሳሎናችን ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ የሚተኛው እሱ ነው። መንጃ ፈቃድ አለው፣ ትልቅ መኪና የሚያስነዳ፤ ግን መሪ የሚያስጨብጠው ሰው ጠፍቶ የሰው መኪና ሲያጥብ ነው የሚውለው። የጠየቀው መሥሪያ ቤት ሁሉ "ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ አምጣ" ይለዋል፣ እሱም ኮፍያውን አድርጎ ይመለሳል። በዚህ ወር ግን አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አውቶብስ የሚነዳለት ሰው ፈለገና ርዕሰ መምህሩ አጎቴን ወደዱት። ቀጠሮ ሰጡት፤ ማስረጃውን በዚያ ቀን ቢሮ ሳይዘጋ ካላመጣ ተጠባባቂ ሆኖ የተያዘው ሰውዬ ይገባል። ያ ቀን ነው እንግዲህ የማወራችሁ።

ጠዋት ስነሳ እናቴ የእሱን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ለማንም ሸሚዝ ተኩሳ አታውቅም፤ የኔን ዩኒፎርም እንኳ ተማሪ ሳለሁ ፍራሽ ሥር አስተኝተን ነበር የምናቃናው። አጎቴ በካናቴራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን ይጠብቃል። አንዳቸውም አይናገሩም። እነዚህ ሁለት ሰዎች አይጠላሉም፤ እሱ ሳይመጣ እሷ ራት አትበላም፣ እሷ ካመማት እሱ መድኃኒት ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። ስለ እስሩ የሚነካ ወሬ ሲነሳ ግን ወይ እሷ ጨው ፍለጋ ትነሳለች፣ ወይ እሱ ጫማውን ማሰር ይጀምራል። የማይታሰር ጫማ ቢሆንም።

"ዛሬውኑ ይሰጡሃል?" አለችው፣ ዓይኗን ከካውያው ሳታነሳ።

"አንቀጽ ትጨርስልኛለች። ማመልከቻ ጽፋ ታስገባልኛለች።"

"እሷ?" አለች እናቴ። ያቺ አንዲት ቃል እስከ ሱቅ ድረስ ስትነዘንዘኝ ሄደች።

ሱቃችን እጅ ስትዘረጉ ሁለቱም ግድግዳ የሚነካባት ዓይነት ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ወንበር፤ ወንበሯ የባለሱቋ ናት። አጎቴን የወረቀት ካርቶን ላይ አስቀምጬ ቆሜ መተየብ ጀመርኩ። ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ ብዬ ስጀምር እጄ ራሱ ነው የሚሄደው። አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት የአመልካችን እኅት፣ የእናቴን ማለት ነው፣ ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዷ አሳድጎ መስኮቱ ላይ መስቀሉን፣ አመልካች ሦስት ጊዜ በትሕትና ቢለምነውም ግለሰቡ እያፌዘ መመለሱን፣ በአራተኛው ቀን አመልካች የቤተሰቡ ክብር ተነክቶ ደሙ ቢፈላ በብረት ዘንግ መስተዋቱን ሰብሮ ፎቶግራፉን መውሰዱን፣ ቀኝ እጁም ደም መልበሱን ጻፍኩ። ደሙን ከራሴ ነው የጨመርኩት። ባለሱቋ ከኋላዬ መጥተው አነበቡና ምላሳቸውን መቱ።

"ልጄ፣ ማመልከቻ እኮ በአንድ ገጽ ያልቃል።"

"እትዬ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅለት ችግር የሌለበት ሰው ነው።"

"እሺ፣ አስገቢው፤ ግን መጀመሪያ ለአንዱ ጠበቃ አሳዪው። ይኸው በር ላይ ቆመዋል።"

"እነሱ ናቸው እኔን የሚያሳዩኝ" አልኳቸው። ሳቁ፤ መሳቃቸውን እንደ ማድነቅ ቆጠርኩት።

አጎቴ ሦስቱን ገጾች ተቀብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አንገቱን ደፋ። "ይኼን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩት?" አለኝ። አዎ አልኩት። "የእናትሽ ነገር ይውጣ፤ 'መስተዋት ሰብሬ ነበር፣ ተቀጣሁ' ብቻ በይ።" እኔ ደግሞ ዳኛ የሚያዝነው በዝርዝር ነው፣ ዝርዝር የሌለው ሐዘን ደረሰኝ እንደሌለው ዕቃ ነው ብዬ አፉን አስያዝኩት። እሱ መልካም ሰው ነው፤ ሰው ሲጮህበት ይስማማል። ያኔ መስተዋቱን የሰበረው እንዴት ሆኖ ነው ብዬ ሁሌ ይገርመኝ ነበር።

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኙ አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ዶሴ የታቀፈ ሰው። ሽታው የሙጫና የቆየ ወረቀት ነው፤ እኔ እወደዋለሁ። መግቢያው በር ላይ በአራት ማዕዘኑ ፕላስተር የተለጠፈበት ማስታወቂያ ነበር፣ ሰዎችም ተሰብስበው ጣታቸውን እያስኬዱ ያነባሉ። ማስታወቂያ ሕግ ለማያውቅ ሰው ነው ብዬ አጎቴን በክርኑ ይዤ በመሃላቸው አሳለፍኩት። ሰልፉ ከበሩ እስከ ደረጃው ይደርሳል። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምን። ከፊታችን የነበረች ሴትዮ የአጎቴን ሸሚዝ አይታ "ሙሽራ ነህ?" አለችው፤ ከኋላችን ያለው ሽማግሌ "የለም፣ ተከሳሽ ነው፤ የሚያምርበት ተከሳሽ ነው" አለ፣ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አጎቴም ሳቀ። ብብቱ ግን ረጥቦ ነበር።

ተራችን ሲደርስ ራሰ በራው ተቀባይ ማመልከቻዬን እንኳ ሳያገላብጥ ከሚቀበላቸው ወረቀቶች ሁሉ በላይ በሽቦ ትሪው ውስጥ አስቀመጠው። "ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት፣ መስኮት አንድ" አለና መስኮቱን ዘጋ። ሲዘጋ የኔ አርዕስት በትልልቅ ፊደል ከላይ ይታይ ነበር። ደስ አለኝ።

ምሳችንን ግቢው ውስጥ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠን በላን፤ ዳቦና ሻይ። የሻይ ዋጋ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ከውጭው እጥፍ ነው፤ ሰው ሲጨነቅ ዋጋ አይጠይቅም መሰለኝ። አጎቴ ዳቦውን እየቆረሰ አይበላም፣ እየቆረሰ ይደረድረዋል።

"አንድ ነገር ልንገርሽ?" አለኝ። "እዚያ ወረቀት ላይ የጻፍሽው ልክ አይደለም።"

"ደሙ ነው? እሱን ለማሳመር ነው ጋሼ።"

"ደሙ አይደለም። ክብር ምናምን ያልሽው። እናትሽ እኮ ፎቶው እዚያ መሰቀሉን ወዳው ነበር።"

ሻዬን አስቀመጥኩ። አጎቴ ወደ እኔ ሳያይ ነገረኝ። ሊጠይቀው እስር ቤት የመጣች ቀን ነው ያወቀው። ስንቁን በፍርግርጉ አቀበለችው፣ ትንሽ ቆመች፣ "ደስ ብሎኝ ነበር እኮ" አለችውና ሄደች። ለካ ከሥራ ስትወጣ መንገዷን አጣማ በዚያ ፎቶ ቤት በኩል ነበር የምታልፈው። አንድ ቀን እንዲያውም የማታውቃት ሴት ቆም ብላ "እንዴ፣ አንቺ ነሽ?" ብላታለች። በሕይወቷ መንገድ ላይ የማያውቃት ሰው አስቁሞ አድንቋት አያውቅም። እሱ ደግሞ ክብሯን አስከብራለሁ ብሎ ሳይጠይቃት ብረት አነሳ። ፎቶውንስ ብዬ ጠየቅኩት። "መስተዋቱ ሲወድቅ ቀደደው" አለኝ። "ከፊቷ ላይ ነው የቀደደው።"

የደረደረውን ዳቦ አንድ አንድ እያልኩ በላሁለት።

ስምንት ሰዓት ላይ መስኮት አንድ ስንደርስ መነፅራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ተቀምጠዋል። የአጎቴን መታወቂያ ተቀበሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ስሙን ጻፉ፣ አዩ፣ መታወቂያውን መለሱ።

"ምንም የለም" አሉ።

"እንዴት የለም?" አልኩ።

"በዚህ ስም የተመዘገበ ጥፋት የለም ልጄ።"

"አለ እንጂ! ሦስት ወር ታስሯል!" ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። ጠዋት ሙሽራ ያለችው ሴትዮ እንኳ ከአግዳሚው ላይ ብድግ አለች። አጎቴ እግሬን ረገጠኝ፤ እኔ ግን የማውቀውን ነገር የለም ሲሉኝ አልወድም። "መስተዋት ሰብሯል! በደንብ ፈልጉ!"

ሴትዮዋ መነፅራቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ነው የነገሩኝ። "ነበረ። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ተሰርዟል። የሱም፣ የብዙ ሰውም። በራሱ ነው የሚሰረዘው፤ በር ላይ ለጥፈነዋል እኮ።"

"ያለ ማመልከቻ?"

"ድሮ ነው በማመልከቻ። ማመልከቻ ይቅረብ ይል የነበረው ንዑስ አንቀጽ ሦስት ነበር። እሱን ነው ያነሱት።"

ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ያቺ የዘለልኳት መስመር። ሁለት መቶ ጊዜ በእጄ አልፋ ነበር። አጎቴ ግን ምንም አልገባውም፣ ወይም የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። "የለም?" እያለ ይጠይቃል። "በቃ የለም?" ሴትዮዋም ፈገግ ብለው "የለም፤ መስኮት አራት ሄደህ አሻራ ስጥ፣ በግማሽ ሰዓት ማስረጃህን ይሰጡሃል" አሉት። ሰው ዘጠኝ ዓመት የተሸከመውን እንዲህ በሦስት ፊደል ሲያወርዱለት ምን ይላል? እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

"ማመልከቻ ግን አላስገባችሁም አይደል?" አሉ ሴትዮዋ።

"አስገብተናል። ሦስት ገጽ" አልኩ። ትንሽ ኩራት ቀርታኝ ነበር።

ፊታቸው ተለወጠ። "ውይ! መዝገብ ከተከፈተለትና ቁጥር ከተሰጠው እኮ አዲስ ፋይል ነው የሚሆነው። መስኮት አራት ማስረጃ ከመስጠቱ በፊት በስሙ የተከፈተ ፋይል አለ ወይ ብሎ ያያል። ካገኘ ዳኛ ሳይወስንበት አይሰጥም። ዳኛው ጋ ለመድረስ ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው። ሕጉ የሰረዘውን መልሳችሁ በእጃችሁ ልትጽፉት ነው?"

አጎቴ አየኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ትሪው የት ነው የሚሄደው?" አልኩ፤ ሴትዮዋ ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁት።

ሁለተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው ክፍል፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የወፍራም ሰው ድምፅ ይሰማል፤ እያነበበ ነው። "...አመልካች ሦስት ጊዜ በትሕትና ቢለምነውም ግለሰቡ በንቀት ፈገግታ መለሰው..." የኔ ነው! ቆሜ ቀረሁ። ማኅተም መቺው ሰውዬ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ያነባል፣ ሁለት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዳምጡታል፤ አንዷ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። "ቀኝ እጁንም ደም አለበሰው" ሲል "እሰይ!" አለች ሌላዋ። "ማን ይሆን የጻፈው? ይኼ ትልቅ ጠበቃ መሆን አለበት" አለች ባለ መሐረቧ። አልዋሽም፣ ጭራሽ መምጫዬን ረሳሁት። አንድ ገጽ ቀርቷል፤ የመጨረሻው ገጽ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ይጨርሰው ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም መጨረሻው ላይ ምን እንደሚሉ ለመስማት ጆሮዬን ወደ ክፍተቱ አስጠጋሁ። ከዚያ ሰውዬው ማንበቡን ሳያቆም በግራ እጁ የቁጥር ማኅተሙን ሲያነሳ አየሁ።

"የኔ ነው!" ብዬ ዘልዬ ገባሁ። "እንዳይመቱት!"

ማኅተሙ አየር ላይ ቀረ። "አንቺ ነሽ ጠበቃው?" አለ።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ። አመልካቹ ሐሳቡን ቀይሯል። ይመልሱልኝ፣ ጋሼ፣ በሞቴ።"

ሦስቱም ተያዩ። ሰውዬው ወረቀቴን ሊሰጠኝ ዘረጋና መልሶ ሳበው። "መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ፎቶው ምን ሆነ? ለእኅቱ መለሰላት?"

የምላቸው ብዙ ውሸት ነበረኝ፣ ሁሉም የሚያምሩ። ግን እውነቱ ወጣ። "መስተዋቱ ቀደደው። እሷም መሰቀሉን ወዳው ነበር አሉ።" ባለ መሐረቧ "ውይ እናቴን!" አለች። ሰውዬውም "ሳይመዘገብ ለአመልካች ተመልሷል" የሚል መዝገብ ላይ አስፈረመኝና ሦስቱን ገጾች ሰጠኝ።

መስኮት አራት ላይ የአጎቴን አሥር ጣቶች አንድ በአንድ ቀለም አስነከሩት። ሲያስነክሩት እንደ ልጅ ነው ዝም ብሎ የሰጣቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት ወጣ፤ ውስጡ ያለው አንድ መስመር ነው፤ ግለሰቡ የወንጀል ጥፋት መዝገብ እንደሌለበት ተረጋግጧል። ባለሱቋ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፤ የኔ ሦስት ገጽ ያልሠራውን ያቺ ደረቅ መስመር ሠራችው።

ትምህርት ቤቱ የደረስነው ቢሮ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ከታክሲው እስከ በሩ ሮጠናል። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አየት አድርገው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው እንዲህ አየት ተደርጎ የተከተተው። ከዚያ ቁልፍ አውጥተው "እስቲ ግቢውን አንድ ጊዜ ዙርበት" አሉት። አጎቴ በቀለም የጠቆሩ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠርጎ መሪውን ያዘ። እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ወንበሮቹ ለትንንሽ ልጆች ስለሆኑ ጉልበቴ አገጬ ላይ ደረሰ። ዙሪያውን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ነዳው፤ አበባ መደቡ ጋ ሲደርስ ማንም በሌለበት ክላክስ አደረገ። በመስተዋቱ ሳየው ጥርሱ በሙሉ ይታያል።

ቤት ስንደርስ ገና አልመሸም። እናቴ ከሥራ ገብታ እግሯን እየታጠበች ነበር። አጎቴ ወረቀቱን ሰጣት፣ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችው፣ ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻት። እኔ ደግሞ የድካሜ ዋጋ እንዳይቀር ሦስት ገጼን አቀበልኳት። ቆማ አነበበች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

"ክብሬ ተነክቶ ነበር?" አለችው።

"እኔ አይደለሁም የጻፍኩት እታለም" አለ። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ማለት ጀምሮ መሃል ላይ ተወው። "እኔ የምጽፈው ቢሆን፣ ሳልጠይቅሽ ነው የሰበርኩት ብዬ ነበር የምጽፈው።"

እናቴ ጨው ፍለጋ አልተነሳችም። ወረቀቱን እንደያዘች መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ሳል እስኪሆን ድረስ። "አንተ ቀውስ" አለችው። "ለዚያ ፎቶ ፀጉሬን ለመሠራት ግማሽ ቀን ነበር የተቀመጥኩት እኮ!" እሱም "አውቃለሁ፣ እታለም፣ አውቃለሁ" እያለ አብሯት ሳቀ፤ ከዚያ ስለዚያ ፎቶ ቤት ባለቤት ጢም፣ ስለ ብረቱ፣ ፖሊሱ ስለ ተናገረው ነገር ማውራት ያዙ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨረሰ። ዘጠኝ ዓመት ያልተወራ ወሬ ነው። እኔ መሃላቸው ቆሜ አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየሁ ልቤ ሞላ። ሰው ለሠራው ሥራ ምስጋና ይገባዋል አይደል?

"አያችሁ?" አልኳቸው። "እኔ ባልኖር ኖሮ ይኼ ሁሉ ይሆን ነበር?"

እናቴ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ሦስቱን ገጾች አጥፋ አስታቀፈችኝ።

"አንቺ ባትኖሪ ኖሮ በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጨርሶ ምሳውን እዚህ ይበላ ነበር። ይልቅ ሰሃኑን እጠቢ።"